በመኪና እመጣለሁ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጌታቸው ለእህቱ ለእሌኒ ደወለና አባታቸውን ትንሽ እንዳመማቸው ነገራት።

«ትንሽ ስትል?» አለችው። አዲስ አበባ፣ ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። የዝናቡ ድምፅ አላሰማ ሲላት ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች።

«ሆዳቸውን ነው። ያው የክረምት በሽታ ነው። ብቻ ብትመጭ ጥሩ ነው።»

«ከባድ ነው እንዴ?»

«ኧረ ከባድስ አይደለም።» አለ ጌታቸው። «ደግሞ በአውሮፕላን ነይ። ባሕር ዳር መኪና ይዤ እጠብቅሻለሁ።»

አባቷን እንዲያገናኛት ጠየቀችው። ተኝተዋል አላት።

እሌኒ የታች ጋይንት ልጅ ናት። የተወለደችው ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ በሚገኝ አገር ነው፤ ዝናቡ አንዱን ዓመት ቢመጣ ሁለተኛውን የሚቀርበት፣ ሰው ሰማይ ሰማይ ሲያይ አንገቱ የሚቀጥንበት አገር። ባሕር ዳር ተምራ፣ አዲስ አበባ በአንድ የጥናት ተቋም ተቀጠረች። ሥራዋን ለእናቷ ማስረዳት ሲያቅታት «ሰው ሩቅ አገር ሲሄድ የሚለቀውን ጭስ እመዝናለሁ» ትላቸው ነበር። በርግጥም ሥራዋ ያው ነበር። መንገደኛ በአውቶቡስ ሲሄድ፣ ብቻውን በቤት መኪና ሲሄድ፣ በአውሮፕላን ሲሄድ የሚቃጠለው ነዳጅ ስንት ካርቦን ወደ ሰማይ እንደሚያወጣ፣ ከዚያም ውስጥ የአንዱ ሰው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ታሰላለች። የሞላ አውቶቡስ ጭሱን ለተሳፋሪው ሁሉ ስለሚያካፍለው የአንዱ ድርሻ ትንሽ ነው። የአውሮፕላኑ ድርሻ ግን ሁልጊዜ ከፍ ይላል። የቢሮዋ ሰዎች ይህንኑ ጥናት ይዘው ስለ ድርቅ ለመነጋገር ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ይበራሉ። እሷም አብራ በራለች።

አንድ ዓመት ክረምቱ ገና በነሐሴ ወጣ፤ የአባቷ ባቄላ በአበባው ቀረ። እሌኒ የዚያን ሰሞን ከስብሰባ ተመልሳ አገሯ ሄደች። ማሳውን ዞር ዞር ብላ አየችና ለራሷ ቃል ገባች፤ በመኪና ሊደረስበት ወደሚችል ቦታ ከእንግዲህ በአውሮፕላን አልሄድም አለች። ለማንም የመናገር ሐሳብ አልነበራትም። ኋላ ግን አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ስለ ሥራዋ ሲጠይቃት አመለጣት።

አባቷ አቶ ይስማው ሰምተው ኖሯል። በማግስቱ ደወሉላት።

«ሰማሁሽ» አሉ። «ዝናባችንን የሚያደርቀው ነገር ላይ አልወጣም አልሽ አይደል?»

«እንደዚያ አይደለም ያልኩት፣ አባባ። የእኔ አለመውጣት ዝናብ አያመጣም። አንዲት የቢሮ ጓደኛ አለችኝ፣ ራሄል የምትባል። ‹አውሮፕላኑ እኮ አንቺ ባትሳፈሪም ይበራል› አለችኝ።»

አቶ ይስማው ሳቁ። «አንድ በሬ ብቻ ነው የገባ ብሎ አዝመራውን የሚያስበላ ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከዚያ ወዲህ እሌኒ አቧራ ለብሳ፣ ወገቧን ይዛ እቤት በደረሰች ቁጥር አባቷ ደስታቸውን መደበቅ አይችሉም ነበር። ለመጣው እንግዳ ሁሉ «በመኪና ነው የመጣችው» ይላሉ። ጎረቤቱ ምን ለማለት እንደፈለጉ አይገባውም፤ ሁሉም የሚመጣው በመኪና ነዋ። እሷና እሳቸው ግን ይተያያሉ።

እንግዲህ ጌታቸው «በአውሮፕላን ነይ» ባላት ቀን እሌኒ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ብዙ ተቀመጠች። ራሄል ነገሩን ስትሰማ ወንበሯን ስባ መጣች።

«ትኬቱን አሁን እቆርጥልሻለሁ። ነገ ከሰዓት አባትሽ አጠገብ ነሽ።»

«ከባድ አይደለም ብሎኛል። አልጋቸው ላይ ሆነው በምን መጣሽ ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ? ያዝናሉ።»

«ልጁን ያየ አባት በምን መጣሽ ብሎ ያዝናል?» አለች ራሄል።

እሌኒ ስልኳን አነሣች። ለወንድሟ መልሳ ደወለች። «ወንድምዓለም፣ በመኪና እመጣለሁ። ነገ ባሕር ዳር አድርና ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ» አለችው።

ጌታቸው አንድ ነገር ሊናገር ጀመረና ተወው። ከዚያ «እንደ ፈቀድሽ» አለና ዘጋው።

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። ዝናቡ ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ አልለቀቃቸውም። አባይ በረሃን መውረድ ሲጀምሩ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ መንገዱን ያለብሰው ነበር። ድልድዩን ተሻግረው ሽቅብ ሲወጡ ከፊታቸው መኪኖች ተደርድረው አገኙ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ ወርዶ ሄደና በጭቃ ተለውሶ ተመለሰ።

«ናዳ ነው። ተራራው እንዳለ መንገዱ ላይ ተቀምጧል» አለ።

ከእሌኒ አጠገብ የተቀመጡት አስካለ የሚባሉ እናት ነበሩ፤ ማርቆስ ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ ነው የሚሄዱት። ጭብጦ አውጥተው አካፈሏት። እሌኒ ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ መስመር የለም። ወርዳ በዝናቡ ወደ ላይ ሄደች፤ የለም።

«የታመመ ሰው ልትጠይቂ ነው?» አሏት አስካለ ስትመለስ።

«አባቴን ትንሽ አሟቸው ነው።»

ሴትዮዋ አዩዋትና ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «እግዜር ይማራቸው» አሉ ቀስ ብለው።

ዶዘር ይመጣል ተባለ፤ ቀኑን ሙሉ ሳይመጣ ዋለ። ወደ ማታ ከጉሙ በላይ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። አይታይም፤ ጉርምርምታው ብቻ ገደሉን ሞልቶ አለፈ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው «እነዚያስ ደረሱ» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። እሌኒ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትናንት እሺ ብላ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ የአባቷን እጅ ይዛ ነበር።

መንገዱ የተከፈተው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። ደጀን ሲገቡ ስልኩ ሠራ። ጌታቸው ወዲያው አነሣው። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ናዳ ይዞን ነው። አሁን ገና ደጀን መድረሴ ነው። አባባ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለ ጌታቸው። «ነይ ብቻ።»

ድምፁ የእሱ አልመስል አላት። መልሳ ልትደውል አሰበችና ፈራች። ባሕር ዳር አደረች፤ በማግስቱ በደብረ ታቦር አድርጋ ነፋስ መውጫ ስትደርስ ረፋድ አልፎ ነበር። መናኸሪያው በር ላይ የአባቷ የንስሐ አባት መሪጌታ ቀለመ ወርቅን ቆመው አየቻቸው። ልጅነታቸውን በጋይንቷ ቤተ ልሔም ገዳም በድጓ ዜማ ትምህርት የጨረሱ፣ አሁን ከቤታቸው ብዙ የማይርቁ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት የአጎቷ ልጆች አሉ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

እሌኒ ከመኪናው ደረጃ ላይ አልወርድም አለች። የበሩን ብረት ጨብጣ ቀረች። መሪጌታ ቀረብ ብለው እጇን ከብረቱ አላቀቁት።

«ልጄ፣ አባትሽ አርፈዋል። ትናንት ቀብረናቸዋል» አሉ።

የአጎቷ ልጆች ደግፈው አወረዷት። ከዚያ እስከ አርብ ገበያ ያለውን መንገድ አታስታውሰውም።

እቤት ስትደርስ ለቀስተኛው እንደ አዲስ ተነሣ። የአባቷን ጋቢ ሰጧት፤ ደረቷ ላይ ይዛው እስኪደክማት አለቀሰች። ሰው ከተበተነ በኋላ እናቷ ወይዘሮ ባንቺአየሁ አጠገባቸው አስቀመጧት። ድምፃቸው ተዘግቶ በሹክሹክታ ነበር የሚናገሩት።

«‹የት ደረሰች?› ይሉናል። ‹አባይን ተሻገረች› አልናቸው። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ‹የት ደረሰች?› ይላሉ። ‹ማርቆስ ገብታለች።› ደግሞ ‹ባሕር ዳር ናት።› እኛማ የት እንዳለሽ መች አወቅን፤ ስልክሽ አይሠራ። እንዲያው በቃል ስናመጣሽ አደርን። ሊነጋጋ ሲል ‹ደብረ ታቦር ደርሳለች› አልኳቸው። ‹እንግዲያ ቀረበች› አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም።»

በዚያ ሰዓት እሌኒ አባይ በረሃ ውስጥ፣ የጭቃው ክምር ፊት ነበረች። ለእናቷ ይህን መናገር አልቻለችም።

ጌታቸው እስከ ሰልስቱ ፊቷን አላየም። በሰልስቱ ማግስት በረት አጥር ሥር ብቻውን ቆሞ አገኘችውና ቀረበችው።

«ለምን ከባድ ነው አላልከኝም?»

«በአውሮፕላን ነይ አላልኩሽም?» አለ ሳይዞር። «ገበሬ እህቱን በአውሮፕላን ነይ የሚላት ለምን ይመስልሻል? ለሽርሽር ነው?»

«አልገባኝም ነበር።»

«አልገባሽም! የሰውን ሁሉ ጭስ ትመዝኛለሽ፣ የወንድምሽን ቃል መመዘን አቃተሽ?» አሁን ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። «አንድ ሰዓት ነው ይላሉ መንገዱ። አንድ ሰዓት! እሳቸው አንቺን ሲጠብቁ ነፍሳቸው ስንት ሰዓት እንደተጎተተች እኔ ነኝ ያየሁ።»

እሌኒ ወደ ቤት ተመለሰች። በዋዜማው ወደ መቃብሩ ይዘዋት ሄደው የነበሩት መሪጌታ ቀለመ ወርቅም የሚያጽናና ነገር አላገኙላትም ነበር። ቃሌ ጥፋት ነበር ወይ ብላ ጠይቃቸው ነበርና «ልጄ፣ አላውቅም» አሏት። «ለሰው ሁሉ ብለሽ የገባሽው ቃል ነው፤ ክፉ ነው አልልሽም። አባትሽም በዚያ ይኮሩ ነበር። ግን ሲጠብቁሽ አይቻለሁና ደግ ነውም አልልሽም።»

ሳምንት ቆይታ ተመለሰች። ጌታቸው አልሸኛትም። አዲስ አበባ ገብታ ሥራዋን ቀጠለች። ለወንድሟ በየበዓሉ ትደውላለች፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል። አንድ ጊዜ አለቃዋ ውጭ አገር ስብሰባ ላካት፤ አልሄድም አለች። ራሄል አሁንም ቃሏን እንደምትጠብቅ ጠየቀቻት። እሌኒ ምክንያቷ ተለውጦባት ነበር። «ከእንግዲህ ከበረርኩ ያኔም መብረር እችል ነበር ማለት ነው» አለቻት።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በሰኔ መጨረሻ፣ ጌታቸው ደወለ።

«እማዬን ደም ግፊት ጥሏታል። በግራ በኩል አልታዘዝ ብሏታል» አለ። በምን ነይ አላላትም።

እሌኒም ምንም አልጠየቀችም። ቦርሳዋን አንሥታ ቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። መቀመጫዋ መስኮቱ አጠገብ ነበር። የሰኔ ሰማይ ቢሆንም ደመናው ስስ ነበር፤ መሬቱ ቡናማ ሆኖ ይታያል። ብዙም ሳይቆይ አባይ በረሃ ከታች ተዘረጋ። ያደረችበትን መንገድ ፈለገች፤ ጭረት የምታህል ናት። አስተናጋጇ የሰጠቻትን ውኃ ገና አልጨረሰችም፤ አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ጣና ታየ።

ይህች ነበረች። ይህችን ታክል መንገድ ነበር።

ከውስጧ የሚወጣውን ድምፅ ልትይዘው ሞከረች፤ አልቻለችም። ጎኗ የተቀመጠው ሰው በረራ የፈራች መስሎት «አይዞሽ፣ ደርሰናል» አላት። ይባስ ብላ አለቀሰች።

ጌታቸው ኮንትራት መኪና ይዞ ውጭ ይጠብቃት ነበር። ከስታ ስትወጣ አያት። ሰላም አላላትም።

«ለእናትሽ ሲሆን ይቻላል ለካ» አለ።

መኪናው ውስጥ ሾፌሩ ብቻ ነበር የሚያወራው፤ ወረታን እንዳለፉ እሱም ዝም አለ። ደብረ ታቦር ላይ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ወረደ። ሁለቱ ከኋላ ወንበር ላይ ቀሩ። ጌታቸው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ያን ጊዜ በአውሮፕላን ትምጣ ያሉት አባባ ራሳቸው ናቸው።»

እሌኒ ቀና አለች።

«ጠርተውኝ፣ ‹በመኪና እንዳትመጣ። ከቃሏ እኔ ፈትቻታለሁ በላት፤ ኃጢአቱም በእኔ ይሁን፤ ብቻ ልያት› አሉኝ።»

«እና ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ልንገርሽ? አባትሽ ልያት አሉ ብዬ በስልክ? መርዶ አይደለም እንዴ? ሰው እንዴት በስልክ ይረዳል? መንገድ ላይ ብቻሽን ሆነሽ የሆነ ነገር ብትሆኝስ ብዬ…» ቃሉ ተቆረጠበት። ባርኔጣውን አጣምሞ ያዘው። «በመኪና እመጣለሁ ስትይኝ አፌ ላይ ነበር። እንደ ፈቀድሽ አልኩሽ። ዓመቱን ሙሉ አንቺን የጠላሁ ይመስለኝ ነበር።»

እሌኒ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ልትሰድበው ፈለገች። ያቺ አንዲት ቃል ብትደርሳት ኖሮ በዚያው ቀን ትበር ነበር። ግን ራሄል ትኬቱን ልቁረጥልሽ ስትላት እምቢ ያለችው እሷ ራሷ ናት፤ ለዚያ መልእክት አያስፈልጋትም ነበር። ወንድሟን አየችው። ከሠላሳ ብዙም ያላለፈ ሰው ጺሙ ሸብቷል። እጇን ባርኔጣውን በያዘው እጁ ላይ አኖረች። አላነሣውም፤ ግን አልጨበጣትም። ሾፌሩ ተመልሶ ሞተሩን ሲያስነሣ እንደዚያው ነበሩ።

እናታቸው አርብ ገበያ ጤና ጣቢያ ተኝተው ነበር። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ቢጎተትም ልጃቸውን ዐወቁ።

«በምን መጣሽ?» አሉ ቃሉን እየፈለጉ።

«በአውሮፕላን፣ እማዬ።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አደረግሽ» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እሌኒም ስለ ማን እንደሚያለቅሱ ዐወቀች።

ነፍሳቸው ተረፈች። ግራ እጃቸው ግን አልተመለሰም። እሌኒ ፈቃድ ጨምራ ሐምሌ እስኪጋመስ አብራቸው ቆየች፤ እያጠበች፣ እያጎረሰች፣ በምርኩዝ እስከ ደጅ እያወጣች። ከጌታቸው ጋር እንደ ድሮው መጫወት አልቻሉም፤ ግን ይነጋገራሉ። አንድ ቀን ማለዳ ማሳ ድረስ እንድትሄድ ጠራት።

ገብሱ የሰኔ መግቢያውን ካፊያ አምኖ በቅሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዝናቡ ቀረ። ጌታቸው ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለና ሰጣት፤ ሥሩ እንደ ገለባ ተሰበረ።

«አንቺ ተምረሻል» አለ። «እውነቱን ንገሪኝ። ይህ ነገር ይመለሳል?»

እንደ ቢሮዋ ሰዎች ልትናገር አልፈለገችም። «ዛሬ ሰው ሁሉ ጭሱን ቢያቆም እንኳ በእኔና በአንተ ዕድሜ እንደ ድሮው የሚሆን አይመስለኝም» አለችው። «የሚያቆምም የለም።»

«አንቺስ? ስትመለሽ በምን ነው?»

«በመኪና።»

«ከዚያስ? እማዬ እንደገና ብትወድቅ?»

«ትነግረኛለህ። ሳትሸፍን ትነግረኛለህ። እበራለሁ።»

ጌታቸው ማሳውን ከዳር እስከ ዳር አየው። «እሺ፣ እነግርሻለሁ» አለ። ቀጥሎም «ገብሱን ልገልብጠውና ጤፍ ልዝራበት። ዝናብ በነሐሴ እንኳ ቢመጣ ጤፍ አያሳፍርም ይሆናል» አለ።

በማግስቱ በሬዎቹን ጠመደ። እሌኒ እናቷን ደግፋ ከደጁ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸውና ገብሱ በሞፈሩ ሥር ሲገለበጥ ሁለቱም እስኪረፍድ ድረስ አዩት።